ከመጋረጃው በስተጀርባ አራት ቫዮሊኖች

በጡረታ በተሰናበትሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በጋው እንደ ገባ፣ የቫዮሊኔ ቀጭን ክር ደነዘዘ። ሦስቱ ክሮች እንደ ወትሯቸው ነበሩ። አራተኛው፣ ቀድሞ ደጋኑ ገና ሲነካው ቤቱን የሚያበራው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስል ጀመር። ክሩን ለወጥሁ። የደጋኑን ሙጫ ቀየርሁ። ክሮቹን የሚሸከመውን ትንሽ እንጨት በማስመሪያ ለክቼ ዝንፍ ካለበት መለስሁት። ለውጥ አልተገኘም።

ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት ሥራ ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ አብዛኛውን ዘመን ያሳለፍሁትም እዚሁ ወልቂጤ በግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል ነው። አንድ ዕቃ ሲበላሽ ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የተጠቃሚው ለይቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ የዕለት ሥራዬ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ እየጠየቅሁ ሁለተኛውን ለወራት ሸሸሁት። የምሸሽበት ምክንያት ነበረኝ። በእኛ ቤት የወንዶች ጆሮ ከሰውየው ቀድሞ ይሞታል።

አባቴ መስማት ያቆመው ስልሳን እንደ ተሻገረ ነው። በአንድ ቀን አልሆነም። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉበት፤ ቀጥሎ የሕፃናት ድምፅ፤ ቀጥሎ የሴቶች፤ በመጨረሻ የገዛ በሬው። እንሰቱ መካከል ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ለምሳ የምንጠራው ትንሽ ጓል ከእግሩ ፊት በመወርወር ነበር። አፈሩ ሲያርፍ ቀና ይላል፣ ዞሮ ያየናል፣ ፈገግ ይላል። ባለቤቴ ሙሽራ ሆና የገባች ጊዜ ይህ ተግባር ለእርሷ ደረሰ። ስሙን እንኳ ለማትጠራው አማቷ አፈር መወርወር! ሦስት ቀን አልቅሳ እምቢ አለች። በኋላ ግን ከሁላችንም የተሻለች ሆነች፤ ጓሉን ሁልጊዜ ከእግሩ ግማሽ እርምጃ ፊት ለፊት፣ ሳታስደነግጠው ታሳርፍ ነበር። ታላቅ ወንድሜም ዛሬ ስልክ አያነሣም፤ የሚያነሣለት ልጁ ነው።

እኔ ስልሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ነው። የሞተው ቫዮሊኑ ከሆነ አዲስ ቫዮሊን ይፈውሰኛል። አዲሱም ከደነዘዘ የአባቴ ተራ ለእኔ ደርሷል ማለት ነው። አዲስ ቫዮሊን ለመግዛት ወሰንሁ፤ ስወስን ግን እጄ ደስ እንዳላለው አስታውሳለሁ።

አሮጌውን ያገኘሁት በወጣትነቴ፣ በአውራጃው የኪነት ቡድን ሳለሁ ነው። ቡድኑ ተበትኖ ንብረቱ በሐራጅ ሲሸጥ በደንቡ መሠረት ተጫርቼ ወሰድሁት፤ ደረሰኙ ዛሬም በማኅደር አለ። በሥራ ሰዓት ነክቼው አላውቅም። ከሥራ መልስ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አንድ ሰዓት እጫወት ነበር፤ ትዝታ ጀምሬ ባቲ ላይ እጨርሳለሁ። ለሰው ለመጫወት ብዬ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ለመሥሪያ ቤቱ ስፈርም ከዋልሁ በኋላ የራሴ የሆነውን አንድ ሰዓት በዚያ ቀጭን ክር ላይ ስለማገኘው ነው።

በዚያው ሰሞን ከቡታጅራ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው በኪነት ቡድኑ ውስጥ አብሮኝ ቫዮሊን የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ እርሱ ኋላ የሙዚቃ መምህር ሆኖ በዚያው ከተማ ጡረታ ወጥቷል።

«ሦስት ቫዮሊን መጥቷል» አለኝ። «አንድ ነጋዴ አዲስ አበባ ከተዘጋ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገዝቶ ነው ያመጣው። ና፣ ነካክተህ ምረጥ።»

«ነካክቼ አልመርጥም፤ መስፈርት አወጣለሁ» አልሁት።

«አይ አንተ! ሚስትህንም በጨረታ ነው ያገባሃት?»

«እርሷ ብቸኛ አቅራቢ ነበረች።»

ባለቤቴ ከበስተኋላዬ ምስር ትለቅም ነበር። «ውሉ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቀው» አለች፤ ጓደኛዬ በስልኩ ውስጥ ሳቀ፤ እርሱ እንደሰማትና እኔ እንዳልሰማኋት የገባኝ ቃሉን ስትደግምልኝ ነው።

ቅጹን በሁለት ቀን አዘጋጀሁ። ከመቶ የሚሰጥ ነጥብ፣ አራት መስፈርት፦ የወፍራም ክሮች ድምፅ፣ የእንጨት ሥራ፣ የመቃኛዎቹ አያያዝ፣ የቀጭን ክር ጥራት። ለመጨረሻው አርባ ነጥብ መደብሁ። ማናቸውም መስፈርት ከፍ ያለ ክብደት ሲሰጠው ምክንያቱ ይጻፋል፤ ይህ ደንብ ነው። ምክንያቱን አልጻፍሁም።

ገምጋሚ ዕቃውን እያየ ነጥብ ከሰጠ ዐይኑ ለጆሮው ይወስንለታል። ስለዚህ ጓደኛዬ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆኖ እንዲጫወት፣ የእንጨቱንና የመቃኛዎቹን ነጥብም እዚያው እርሱ እንዲሞላ፣ ቫዮሊኖቹም በዕጣ ፊደል ብቻ እንዲሰጣቸው ወሰንሁ። ደግሞም በእጅ ያለ ንብረት ከሚገዛው ጋር ሳይነጻጸር ግዥ አይፈጸምም፤ አሮጌውንም ከሦስቱ ጋር በሥውር እናስገባለን። ይህን የሚያውቀው እኔና ጓደኛዬ ብቻ ነን፤ የትኛው ፊደል እንደሚደርሰው ግን እኔም አላውቅም። በዚህ አሠራር ኮርቼ ነበር። በሥራ ዘመኔ በዚህ መንገድ ብዙ አታላይ ይዣለሁ።

ከወልቂጤ በማለዳ በሚኒባስ ተነሣን፤ እኔ ቫዮሊኑን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ባለቤቴ በቀኜ ተቀመጠች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በቀኜ ነበር የምትቀመጠው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም ነበር። አታት ሆስፒታል ደጃፍ ስንደርስ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ።

«ስንመለስ እዚህ ትንሽ እንወርዳለን» አለችኝ።

«ለምን?»

«የምጠይቀው በሽተኛ አለኝ።»

«ማን?»

«ስንመለስ ታየዋለህ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ተራራው ላይ ጉም ጠበቀን። ከመስታወቱ ፊት ሁለት ክንድ እንኳ አይታይም። ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ራሱን ወደ ውጭ አውጥቶ እያዳመጠ መንዳት ጀመረ። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። በየመታጠፊያው ያቆማል፣ ያዳምጣል፣ ይነዳል። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ጥጉን ይዞ ቆመ፤ ሰዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ዞሩ። እኔ የዞርሁት እነርሱ ስለ ዞሩ ነው። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ አጠገባችንን ታክኮ አለፈ። ሌላው ሰው ሁሉ ቀድሞ ያወቀውን እኔ ያወቅሁት መኪናውን በዐይኔ ሳየው ነው። የቫዮሊኑን ሳጥን አጥብቄ ያዝሁ። ያን ጊዜ እዚያው ወርጄ ብመለስ ኖሮ ለጥቂት ወራት ያህል ሳላውቅ መቆየት እችል ነበር።

ቡታጅራ ጉም አልነበረም። የነጋዴው ሱቅ የስፌት መኪና መለዋወጫና የሬዲዮ ዕቃ የሚሸጥበት ነው፤ ከኋላው ጆንያና ካርቶን የተደረደረበት ሰፊ ክፍል አለ። ነጋዴው አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ጨዋታ የሚወድ የመስቃን ሰው ነው። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንኳን ደህና መጡ አባቴ፤ እናቴ፣ እዚህ ይሻልዎታል» ብሎ ለባለቤቴ ትራስ አነጠፈላት። ከቤቱ ቆጮ በጎመንና በአይብ አስመጣ፤ ሥጋ ስለሌለበት እኛም እርሱም ያለ ጥያቄ የምንቆርሰው ነው። ስንበላ ቀድሞን የደረሰው ጓደኛዬ፣ ነጋዴው ሳያስተውል የእኔን ሳጥን ከሦስቱ ጋር ደርቦ ከመጋረጃው ኋላ ገባ።

ለራሴና ለባለቤቴ ቅጹን ሳወጣ ነጋዴው አንገቱን አሰገገ።

«እኔስ ነጥብ አልሰጥም?»

«አቅራቢ ገምጋሚ አይሆንም፤ የጥቅም ግጭት ነው» አልሁት።

«ወላሂ አባቴ፣ ሦስቱም የእኔ ናቸው። ለየትኛው ላዳላ?»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን የመሰለ መከራከሪያ አልቀረበልኝም። ቅጽ ሰጠሁት።

«ብቻ ድምፅ አላውቅም» አለ እስክሪብቶውን እየሞከረ። «እኔ የምሸጠው እንጨት ነው፤ ድምፁ የእናንተ ነው።»

«የሰማኸውን ብቻ ጻፍ» አለችው ባለቤቴ፤ ከዚያም ለአንድ አፍታ እኔን አየችኝ።

«ሀ!» ብሎ ጓደኛዬ ከመጋረጃው ኋላ ተጣራና መጫወት ጀመረ። ለአራቱም አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚጫወተው፤ ከወፍራሙ ክር ተነሥቶ በትዝታ ቅኝት እስከ ቀጭኑ ክር ጫፍ መውጣትና መመለስ። «ሀ» ደህና ነበር፤ ላይኛው ትንሽ ፈዘዘብኝ። «ለ» ከታች ጥሩ ጀመረ፤ ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻው ላይ የደጋኑ ፀጉር ሲንሸራተት ብቻ የምሰማ መሰለኝ። ከሦስቱ አንዱ እንዲህ ያለ ሬሳ ከሆነ ነጋዴው ተታሏል ብዬ አዘንሁለት። ዘጠኝ ጻፍሁ፤ ከአርባ። «ሐ» ሲጀመር ግን ቀና አልሁ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ የተሞላ ድምፅ ነው፤ ቀጭኑ ክር ላይ እንኳ አልጠፋብኝም። ከስንት ወር በኋላ የመጀመሪያው ደስታ ነበር። ያገኘሁት መሰለኝ። ሠላሳ አንድ ጻፍሁና ከሥሩ አሰመርሁበት።

«መ» መካከል ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ በድንገት አቆመ።

«ክር ተበጠሰ?» አልሁ።

 ባለቤቴና ነጋዴው ወደ ጣሪያው አንጋጠው ነበር።

«ዝናብ እኮ ነው አባቴ» አለ ነጋዴው። «ትንሽ ያባራ፤ ካፊያ ነው፣ አብሽሩ።»

እኔም አንጋጠጥሁ። ቆርቆሮው ከበላያችን አለ። በመስኮቱ በኩል ያለው መንገድ እየረጠበ፣ ሴቶች በላስቲክ ራሳቸውን እየሸፈኑ ይሮጣሉ። በክፍሉ ውስጥ ግን ለእኔ ጸጥታ ነበር። «አዎን፣ ዝናብ ነው» አልሁ። በሥራ ዘመኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አልፈረምሁም፤ ያን ቀን ግን ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ አልሁ።

ዝናቡ አባርቶ «መ» ካለቀ በኋላ ቅጾቹን ሰበሰብሁ። ሌሎቹ መስፈርቶች ተቀራራቢ ነበሩ። የቀጭኑን ክር ዓምድ ጎን ለጎን ደረደርሁት። ለ «ሐ»፣ እኔ ሠላሳ አንድ፤ ባለቤቴ ዐሥራ ሁለት፤ ነጋዴው ዐሥራ አምስት። ለ «ለ»፣ እኔ ዘጠኝ፤ ነጋዴው ሠላሳ ስምንት። የባለቤቴን ቅጽ ሁለት ጊዜ አየሁት። አርባ ነበር። ሙሉ ነጥብ ለማንም የማትሰጥ ሴት ናት።

አንድ ገምጋሚ ከሌሎቹ ይህን ያህል ሲርቅ ሁለት ምክንያት ብቻ ይኖረዋል፤ ወይ ተደልሏል፣ ወይ ዕቃውን አላየም። ይህን ለስንት ወጣት ሠራተኞች አስተምሬአለሁ።

«አውጣቸው» አልሁት ጓደኛዬን።

መጋረጃውን ገለጠ። ፊቱ ልክ አልነበረም፤ ነጥቡን ሳያይ አውቆ ነበር። የፊደል ካርቶኖቹ በየቫዮሊኑ አንገት ላይ ታስረዋል። «ለ» የተንጠለጠለበትን ለማወቅ መቅረብ አላስፈለገኝም፤ በአገጬ የተበላውን የጎኑን ቀለም ከተቀመጥሁበት ሆኜ ለየሁት።

«አራተኛው ፊደል አንዱን ስትደግሙት መስሎኝ ነበር፤ ይሄ ከየት መጣ?» አለ ነጋዴው። «እኔ ሦስት ነው የገዛሁት። ሱብሐነላህ፣ በጣም የወደድሁት እርሱን ነው!»

«የእርሱ ነው» አለ ጓደኛዬ በቀስታ። «አርባ ዓመት የተጫወተበት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ ሲያሾፍብኝ የኖረ ሰው ማሾፊያ አጣ። «ምንም አልሆነም እኮ ቫዮሊንህ። ዛሬ እንዳለው ሆኖ አያውቅም።»

«ስማኝ፣ እንደገና ተጫወትልኝ፤ ጫፉን ብቻ» አልሁት።

ተጫወተ። እያየሁት ነው። ጣቱ ይወጣል፣ ደጋኑ ይሄዳል፣ የነጋዴው ፊት ይበራል፣ ባለቤቴ ዐይኗን ትጨፍናለች። ለእኔ የደረሰኝ የፀጉሩ መንሸራተት ብቻ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኋት ባለቤቴን።

«ባለፈው ዓመት። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አጠገቡ ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነብ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቫዮሊኑ ነው የታመመው ስትል አላየህም እንጂ ፊትህ ይፈካ ነበር» አለች። «ያንን ፍካት ከፊትህ ላይ እንዴት ልንጠቅ?»

ነጋዴው ነገሩ ግማሹ ገብቶታል፤ ሳጥኖቹን ይነካካል። «ታዲያ አባቴ፣ ግዥው ቀረ ማለት ነው?»

ጓደኛዬም «የራስህን ይዘህ ግባ» አለኝ። በነጥብ ያሸነፈው «ለ» ነው፤ ኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ ወስኗል፤ ሰብሳቢው በሐሳብ ከተለየ ግን ልዩነቱን ከነምክንያቱ ማስመዝገብ አለበት። ይህን ለሌሎች ሳስገድድ የኖርሁ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባዔውን በነጋዴው መደርደሪያ ላይ ተደግፌ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ጻፍሁት። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ሰብሳቢው በ ሐ ፊደል የተመለከተው እንዲገዛ ይፈልጋል። ምክንያት፦ ሰብሳቢው በ ለ ፊደል የተመለከተውን መስማት አይችልም።»

ባለቤቴ አነበበችው። አልተከራከረችም። ስሟን ጽፋ ፈረመች። ነጋዴውም እንደ አቅራቢም እንደ ገምጋሚም ሁለት ቦታ ፈረመ፤ በሌላ ቀን ቢሆን አልፈቅድለትም ነበር።

አሮጌውን ለጓደኛዬ በአደራ ሰነድ አስረከብሁት። «ለምን? ቤትህ ይቀመጥ እንጂ!» አለ። የማልሰማውን ይዤ ብገባ በየቀኑ ከሳጥኑ አውጥቼ እንደምፈትነው ዐውቅ ነበር። ያንን ማየት ለባለቤቴ ከባድ ነው። «በየሳምንቱ ተጫወትበት» አልሁት። «እንጨት ካልተጫወቱበት ይዘጋል።»

ስንመለስ ጉሙ አልተነሣም ነበር። ነጂው እንደገና እያዳመጠ አሻገረን። አታት ደጃፍ ስንቃረብ ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። «ወራጅ አለ!» ብዬ የተጣራሁት እኔ ነኝ። ስንወርድ «የምትጠይቂው በሽተኛ ማን እንደሆነ አሁን ዐወቅሁ» አልኋት። እጄን ያዘች፤ በመንገድ ላይ እጄን የምትይዝ ሴት አልነበረችም። ውስጥ ጆሮዬን የተመለከተችው ባለሙያ በትንሽ መብራት ሁለቱንም አየችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ንጹሕ ነው አባባ፤ የሚጠረግ ነገር የለውም» አለች። የሚጠረግ ነገር ቢኖረው ምንኛ በወደድሁ። ከዚያ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ ወንድሜም። የነገርኋትን ጻፈች። ስትጽፍ እጇ አልተቻኮለም፤ ፋይል አያያዟን ወደድሁላት።

አሁን «ሐ» ቤቴ ነው። ፊደሉን ከአንገቱ ላይ አልፈታሁትም። ድምፁ ጥቁር እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ጎረቤቶቼ ከቀድሞው ጋር ሲያስተያዩት ምን እንደሚሉም እገምታለሁ። ባለቤቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችም። ጠዋት ጠዋት ከጓሮው፣ ከእንሰቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጫወታለሁ። ትዝታ እጀምራለሁ፣ ባቲ ላይ እጨርሳለሁ። ድምፁን ከአገጬ አጥንት ጭምር እሰበስባለሁ።

መስከረም ሲጠባ በ «ሐ»ም ላይ የቀጭኑ ክር ጫፍ ትንሽ ፈዘዘ። ክሩን አልለወጥሁም። ሙጫውንም አልቀየርሁም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ቀትር ሲቃረብ፣ ባቲውን ልጨርስ ስል፣ ትንሽ ጓል ከጫማዬ ግማሽ እርምጃ ፊት ለፊት አረፈ። ደጋኑን አወረድሁ። ባለቤቴ ከጓሮ በር ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ በሌላው እጇ፣ የመጀመሪያው ባይበቃ ብላ ይሆናል፣ ሁለተኛ ጓል ይዛለች። ስንት ጊዜ እንደ ተጣራች አልጠየቅኋትም። እንደ አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከርሁ፤ ምሳ ደርሶ ነበር።